ብልሽት የሚታይበትና ብልሽት የሚኖርበት

በ1970 በእንግሊዝ አገር የተሠራች አንዲት ኤምጂቢ ስፖርት መኪና (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሲመሽ የኋላ መብራቶቿን አብርታ ቆማለች እንበል። ፍሬን ሲረገጥ የቀኙ መብራት እንደ ደንቡ ይደምቃል፤ የግራው ግን መድመቁ ቀርቶ ጭራሽ ይደበዝዛል። ይባስ ብሎ ማንም ፍሬቻ ሳያበራ የግራ ፍሬቻዎች፣ የፊተኛው ሳይቀር፣ ፈዘዝ ብለው ይበራሉ። አምፖሎቹ አንድ በአንድ ተነቅለው በቀጥታ ባትሪ ላይ ቢሞከሩ ሁሉም ደህና ናቸው። ፊውዙ አልተቃጠለም፤ የፍሬን መብራት ማብሪያው ይሠራል፤ ፍሬቻውን ብልጭ ድርግም የሚያደርገው ፍላሸርም ምንም አልሆነም። መለዋወጫ መሸጫ መደርደሪያ ላይ ስምና ዋጋ ተለጥፎለት ከሚገኘው ዕቃ ውስጥ አንድም የተበላሸ የለም፤ መኪናዋ ግን ተበላሽታለች። ነገሩ እርስ በርሱ የሚጣረስ ይመስላል። እያንዳንዱ ዕቃ ደህና ከሆነ ድምሩ ብልሽቱን ከየት አመጣው? ጥያቄው የአንድ አሮጌ መኪና የኤሌክትሪክ ጣጣ ብቻ ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ስለ ምክንያትና ስለ ጥፋት ያለንን አስተሳሰብ ለመመርመር ከዚህ የተሻለ ግልጽ ምሳሌ በቀላሉ የሚገኝ አይመስለኝም፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ ክርክሩን በቴስተር መዳኘት ይቻላል።

መልሱ ያለው በመመለሻው ላይ ነው። በነዚህ መኪኖች እያንዳንዱ መብራት የራሱ መሄጃ ሽቦ ቢኖረውም እስከ ባትሪው የሚዘልቅ የራሱ መመለሻ ሽቦ ግን የለውም። ኮረንቲው ከባትሪ በሽቦ ይመጣል፣ በአምፖሉ ክር ያልፋል፣ ከዚያ ወደ ባትሪው የሚመለሰው በመኪናዋ ብረት፣ በቦዲው በኩል ነው። በግራው የኋላ መብራት ቤት ውስጥ ሦስት ክሮች አሉ፤ 5 ዋት የሆነው የማታ መብራቱ፣ 21 ዋት የሆነው የፍሬኑ፣ 21 ዋት የሆነው የፍሬቻው። ሦስቱም ወደ ቦዲው የሚወርዱት በአንድ መውጫ፣ ጥቁር ሽቦ በብሎን ከቦዲው ጋር በታሰረበት ቦታ፣ ነው። ያ መውጫ ሲዝግ ኮረንቲው ቆሞ አይቀርም፤ ሌላ መንገድ ይፈልጋል። ፍሬን ሲረገጥ በፍሬኑ ክር አልፎ መብራቱ ቤት ይደርሳል፣ መውጫ ያጣል፣ ስለዚህ በፍሬቻው ክር ወደ ኋላ ይገባል። በፍሬቻው ሽቦ እስከ መኪናዋ አፍንጫ ድረስ ተጉዞ በፊተኛው ፍሬቻ ክር ውስጥ ያልፍና እዚያ ባለው ጤነኛ መመለሻ ወደ ቦዲው ይወርዳል። ሦስት እኩል ክሮች አንዱ ከሌላው ኋላ ተሰልፈው 12ቱን ቮልት ሲሶ ሲሶ፣ ማለትም 4 ቮልት ገደማ፣ ይካፈሉታል፤ ሦስቱም ፈዘዝ ብለው ይበራሉ። የማታ መብራቱ ክር ደግሞ በአንድ ጫፉ 12፣ በሌላው ጫፉ ከፍሬኑ ዞሮ የመጣ 8 ቮልት ገደማ ስለሚገጥመው የሚሠራበት ልዩነት 4 ብቻ ይሆናል። ፍሬኑ ከመረገጡ በፊት ደህና መስሎ ይበራ የነበረውም በዚሁ ሾልኮ መመለስ ነው፤ ቀጭኑ ክር የሚፈልገው ትንሽ ኮረንቲ በወፍራሞቹ ክሮች በኩል ያለ ብዙ ችግር ሲያልፍ ስለነበር ጉድለቱ አልታወቀም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው ቀላል ነው፤ ብልሽቱ የታየበት ቦታና ብልሽቱ ያለበት ቦታ አንድ አይደሉም። የፊተኛው ፍሬቻ ከኋላው ብሎን የመኪናዋን ርዝመት ያህል ይርቃል፣ ከፍሬኑም ጋር በሥራ አይገናኝም፤ ምልክቱን ግን ተሸክሞታል። ሁለተኛው ከበድ ይላል። ብልሽቱ ያለበት ቦታ ራሱ ዕቃ አይደለም። ብሎኑ ያው ብሎን ነው፣ ጥቁሩ ሽቦም አልተበጠሰም፣ ቦዲውም አልተበሳም። የታመመው በመካከላቸው ያለው መነካካት ነው፤ ይህ ደግሞ በካታሎግ ውስጥ ቁጥር የለውም፣ ገዝተው የሚያመጡትም አይደለም፤ በአሸዋ ወረቀት ፈግፍገው፣ ብረቱ እስኪያበራ ጠርገው፣ ቅባት ቀብተው የሚፈጥሩት ነገር ነው። የምሟገትለት ሐሳብ እንግዲህ ይህ ነው፦ ብዙ ነገሮች በአንድ መመለሻ በተሳሰሩበት ሥርዓት ውስጥ ብልሽት በአብዛኛው የግንኙነት ጠባይ እንጂ የዕቃ ጠባይ አይደለም፤ ስለዚህ ጥፋተኛ መፈለግና ብልሽት መፈለግ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፣ የመጀመሪያው ሲቀድምም ሁለተኛው ይቆማል። ጥፋተኛ ስም ይፈልጋል። ግንኙነት ግን ስም የለውም፤ ስም ያለው ዕቃ በአጠገቡ እስካለ ድረስ ጣታችን ወደ ዕቃው ይቀሰራል።

የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ወዳጆች ለዚህ ሁሉ ጣጣ የቀረበላቸው ስም ሉካስ ነው። ጆሴፍ ሉካስ በ19ኛው መቶ ዘመን በበርሚንግሃም ከተማ ንግድ የጀመረ ሰው ነበር። ስሙን የወረሰው ኩባንያ «የመንገድ ንጉሥ» በተባለ የብስክሌት ፋኖስ ታውቆ፣ በ20ኛው መቶ ዘመን ለአብዛኞቹ የእንግሊዝ መኪና ፋብሪካዎች ዲናሞውን፣ ሞተሪኖውን፣ ማብሪያውንና መብራቱን የሚያቀርብ ግዙፍ ድርጅት ሆነ። ቀልደኞች ማዕረጉን ገልብጠው መሥራቹን «የጨለማው ልዑል» አሉት። የሉካስ ማብሪያ ሦስት ደረጃ አለው ይላሉ፤ ጥፍት፣ ድብዝዝ፣ ብልጭ ድርግም። እንግሊዞች ለብ ያለ ቢራ የሚጠጡት ፍሪጃቸውን ሉካስ ስለሠራው ነው የሚልም አለ። ቀልዱ ያስቃል፣ ማሳቁም አይከፋም። ችግሩ ቀልዱ ማብራሪያ ሆኖ መቅረቡ ነው። «ሉካስ ስለሆነ ነው» የሚለው አባባል ለጠፋው መብራት፣ ለቆመው የዝናብ መጥረጊያ፣ ለማይጮኸው ክላክስ፣ ለማይነሳው ሞተር እኩል ይስማማል። ሁሉንም ብልሽት እኩል የሚያስረዳ ምክንያት ግን አንዱንም ብልሽት አያገኝም፤ ቴስተሩን የት ላይ ማሳረፍ እንዳለብን አይነግረንምና።

ስሙ በከንቱ አልወጣም የሚል ይኖራል፤ ከፊል እውነት አለው። የመጀመሪያዎቹ ኤምጂቢዎች ለመላው መኪና የነበራቸው ሁለት ፊውዝ ብቻ ነው። የፊት መብራቶቹ ፊውዝም ሪሌይም ስለሌላቸው ኮረንቲያቸው በሙሉ በዳሽቦርዱ ማብሪያ ውስጥ እየዞረ ነው የሚሄደው። ሽቦ ከሽቦ የሚቀጠለው ጥይት በሚመስሉ የናስ ጫፎች ሲሆን፣ ጫፎቹ ጎማ በለበሰች ትንሽ ቱቦ ውስጥ ከሁለት ወገን ተሰክተው ይገናኛሉ፤ ቱቦዋ ውሃ ታስገባለች፣ መኪናዋም ጣራዋ ጨርቅ ነው፣ አገሩም እንግሊዝ ነው። ይህ ሁሉ ቁጠባ የዕቃ አቅራቢው ብቻ ሳይሆን ዋጋውን የወሰነው የመኪና ፋብሪካም ሥራ ነው። ያው የተቀለደበት ኩባንያ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለመጀመሪያዎቹ የእንግሊዝ ጄት ሞተሮች የነዳጅና የማቃጠያ ክፍሎችን በመሥራት የተካፈለ መሆኑን ማስታወስም ፍርዱን ያለዝባል። አቢንግደን ከተማ የነበረው የመኪናዋ ፋብሪካ ከ1962 እስከ 1980 ከ500,000 በላይ ኤምጂቢዎችን አውጥቷል፤ ዛሬ በሕይወት ካሉት የመጨረሻዋ እንኳ ከ40 ዓመት በላይ ዝናብ አይታለች፣ የስንቱ ባለቤት ጥገናም በላይዋ ላይ አልፏል። ግን ይህን ሁሉ ተወት አድርገን ሉካስን ያለ አንዳች ይቅርታ ብንኮንነው እንኳ የያዝነው ጉዳይ አይነቃነቅም። ኩባንያው መጥፎ መሆኑ የግራው መብራት ለምን ከቀኙ ተለየ ለሚለው ጥያቄ መልስ አይሆንም፤ ሁለቱንም የሠራቸው እሱ ነውና።

አሁን ወደ ፍለጋው እንግባ፤ ክርክሩ የሚጠነክረው እዚያ ነው። በተለምዶ የሚደረገው ቴስተር አውጥቶ ኃይል መኖር አለመኖሩን ማየት ነው። የመብራቱ ሽቦ ከአምፖሉ ተነቅሎ ጫፉ ላይ ቴስተር ሲያርፍ 12 ቮልት ያሳያል። «ኃይል ደርሷል» ይባላል፤ መብራቱ ሲገጠም ግን አይበራም። እንዴት? የዛሬ ዲጂታል ቴስተር በውስጡ 10 ሚሊዮን ኦም ያህል ሬዚስታንስ ስላለው ከመስመሩ የሚጠይቀው ኮረንቲ ከአንድ አምፔር ሚሊዮንኛ እምብዛም አይበልጥም። በዚህ መስመር ላይ 1,000 ኦም እስኪሆን የዛገ መጋጠሚያ አለ እንበል። ለቴስተሩ ጥያቄ ይህ መጋጠሚያ የሚቀንሰው የአንድ ቮልት ሺሕኛ ያህል ብቻ ነው፤ በመስታወቱ ላይ አይታይም። 21 ዋት አምፖል ሲገጠም ግን ወደ 2 አምፔር የሚጠጋ ኮረንቲ ይጠየቃል፣ ያው መጋጠሚያም የሚያሳልፈው የዚያን መቶኛ እንኳ አይሞላም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ከአርስቶትል ጀምሮ ፈላስፎች መሆን በሚችለውና በሆነው መካከል መስመር ሲያሰምሩ ኖረዋል፤ ሥራ በሌለው መስመር ላይ ያረፈ ቴስተር የሚያነበው የመጀመሪያውን ነው። የድሮ ኤሌክትሪሻኖች በሁለት ሽቦ አንጠልጥለው የሚይዙት ተራ የመሞከሪያ አምፖል ከውድ ቴስተር ይልቅ እውነት የሚናገርበት ጊዜ ያለው ለዚህ ነው፤ አምፖሉ ሸክም ነው።

ስለዚህ ትክክለኛው ልኬት ሥርዓቱ እየሠራ የሚወሰድ ልኬት ነው። መብራቱን አብርቶ የቴስተሩን አንድ እግር የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን እግር የመብራቱ ቤት ብረት ላይ ማሳረፍ። ሁለቱ ነጥቦች በቦዲው የተገናኙ ስለሆኑ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ መሆን አለበት። ግማሽ ቮልት ካሳየ ግማሽ ቮልት በመንገድ ቀርቷል ማለት ነው፤ እግሩን ወደ ባትሪው እያቀረቡ ሲሄዱ ቁጥሩ ድንገት የሚወርድበት ቦታ ብልሽቱ የሚኖርበት ነው። በዚህ ዘዴ ውስጥ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ፤ የሚፈለገው መልስ ምንም መሆኑ። የቁጥሮቹን ክብደት ለመገመት የፊት መብራቶችን እንውሰድ። ሁለቱ አንድ ላይ 10 አምፔር ያህል ይስባሉ። በማብሪያው ጀርባ 0.2 ኦም ብቻ ያላት መጋጠሚያ 2 ቮልት ትበላለች፣ 20 ዋትም ሙቀት ሆኖ እዚያው ይቀራል። የአምፖል ብርሃን ከቮልቱ በጣም ፈጥኖ ስለሚወርድ ከ12ቱ 2 ሲጎድል ብርሃኑ ወደ ግማሽ ይጠጋል። 0.2 ኦም እኮ የቴስተሩ የራሱ ሽቦዎች የሚኖራቸው ያህል ነው፤ መስመሩን አጥፍቶ በኦም ለመለካት የሞከረ ሰው በመሣሪያው ጉድለትና በመኪናዋ ጉድለት መካከል መለየት አይችልም። እስከ 1974 ድረስ ኤምጂቢ ከመቀመጫዎቹ ኋላ ሁለት 6 ቮልት ባትሪዎችን በአንድ ኬብል አያይዛ ትይዝ ነበር፤ ሞተር ሲነሳ ሞተሪኖው ከመቶ አምፔር በላይ ስለሚስብ በዚያች ኬብል ጫፍ ላይ የአንድ ኦም መቶኛ እንኳ ከባድ ዕዳ ነው። ባትሪ የተቀየረለት፣ ሞተሪኖም የተቀየረለት፣ ግን ቀጭ ብሎ የሚቀር መኪና በብዛት የሚገኘው እንዲህ ነው። በዕረፍት ላይ ሁሉም መጋጠሚያ ጤነኛ ነው፤ ጠባዩ የሚታወቀው ሲሸከም ነው።

ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ፒየር ዱሄም በ1906 ባሳተመው የፊዚክስን ንድፈ ሐሳብ በሚመረምር መጽሐፉ አንድ ግምት ብቻውን ተነጥሎ በሙከራ ሊፈተን እንደማይችል አስረድቷል፤ ሙከራው ሲከሽፍ የከሸፈው አብረው የቆሙት ግምቶች ሁሉ ጥርቅም ነው፣ ከመካከላቸው የትኛው እንደሆነ ግን ሙከራው ራሱ አይናገርም። ይህን ለማስረዳትም ሰዓት ሠሪንና ሐኪምን አነጻጽሯል። ሰዓት ሠሪ የቆመውን ሰዓት ፈታትቶ ጥርሱን ሁሉ ለየብቻ ይመረምራል፤ ሐኪም ግን በሽተኛውን ፈታትቶ ማየት ስለማይችል በመላው አካል ላይ ከሚታየው ምልክት ተነሥቶ ይገምታል። ፊዚክስ ለዱሄም ወደ ሐኪሙ ያደላል። መኪናዋስ? «መብራቱ አልበራም» የሚለው ውጤት በእርግጥ የዱሄም ዓይነት ውጤት ነው፤ ባትሪው፣ ኬብሉ፣ ፊውዙ፣ ማብሪያው፣ መጋጠሚያዎቹ፣ አምፖሉ፣ መመለሻው ሁሉም በአንድ ክስ ተከስሰዋል። ግን መኪና ናት፤ ትፈታለች። ስለዚህ ከሰዓት ጋር ልትመደብ ነው የሚል ሰው ቢነሣ አላፌዝበትም። ያም ሆኖ አንድ ነገር ይጎድለዋል። ሰዓቱ ሲፈታ የተሰበረው ጥርስ እንደተሰበረ ይገኛል። የዛገችው የናስ መጋጠሚያ ግን ስትነቀል ትፋቃለች፣ መልሳ ስትሰካ ትሠራለች። ፍለጋው ማስረጃውን አጥፍቶታል፤ ብልሽቱም ሳይታወቅ ሄዷል፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ዝናብ ሲዘንብ ይመለሳል። ከዱሄም ሁለት ምሳሌዎች መካከል ይህን የሚመስል የለም፦ እንደ ሰዓት ሊፈታ የሚችል፣ ሲፈታ ግን ሕመሙ የሚሰወር።

የዚህ መፍትሔ ሳይፈቱ መክፈል ነው። በመስመሩ ላይ 16 መጋጠሚያዎች ካሉ ከመጀመሪያው ጀምሮ አንድ በአንድ መነቃቀል አያስፈልግም፤ መካከል ላይ ሹል ጫፍ አሳርፎ ብልሽቱ ከዚህ ወዲህ ነው ወይስ ከዚህ ወዲያ ብሎ መጠየቅ፣ ቀጥሎ የቀረውን ግማሽ መክፈል ነው። ብልሽቱ አንድ ከሆነ በ4 ጥያቄ ይያዛል፣ አንዲት መጋጠሚያም አልተነካችም። በዱሄም ጥርቅም ላይ ተስፋ የሚቆርጥ ሰው ቢኖር ይህን ልብ ይበል፤ ግምቶቹ ሁሉ አብረው መቆማቸው እውነት ቢሆንም በጥርቅሙ ውስጥ ቅደም ተከተል ካለ ጥርቅሙን በመካከሉ መጠየቅ ይቻላል። መላ ምቱ የሚያስፈልገን የት እንደምንከፍል ለመምረጥ ብቻ ነው።

ጠንካራው ተቃውሞ ከሥራ ሰዎች የሚመጣው ነው። «ይህ ሁሉ ፍልስፍና ምን ያደርጋል? ጠረጠርክ፣ ቀየርክ፣ ሠራ፤ አለቀ» ይላሉ። ብዙ ጊዜም በእርግጥ ይሠራል፤ ይህን መካድ አይገባም። ጥያቄው ለምን ሠራ የሚለው ነው። ጆን ስቱዋርት ሚል በ1843 ባሳተመው የሎጂክ መጽሐፉ ምክንያትን ለመለየት የልዩነት ዘዴ የሚለውን አስቀምጧል፤ ሁለት ሁኔታዎች በአንድ ነገር ብቻ ተለያይተው ውጤታቸው ከተለያየ ያ አንድ ነገር የምክንያቱ አካል ነው። ዕቃ የቀየረ ሰው ይህን ዘዴ የተከተለ ይመስለዋል። ነገር ግን አሮጌውን አምፖል ሲያወጣና አዲሱን ሲያስገባ የቀየረው ሁለት ነገር ነው፤ አምፖሉንና መነካካቱን። አዲሱ አምፖል ሲሽከረከር የቤቱን ዝገት ፍቆታል፣ ሽቦውም ተነቃንቋል። ምስጋናውን ግን ስም ያለው ዕቃ ወሰደው። የጆን ስቱዋርት ሚል መስፈርት የሚሟላው በአንድ መንገድ ነው፦ አሮጌው ዕቃ ተመልሶ ሲገጠም ብልሽቱም ይመለሳል? ከተመለሰ ዕቃው ነበር። ካልተመለሰ ዕቃው ንጹሕ ነበር፣ የተከፈለበት ገንዘብም ለአንድ ጊዜ ፍቂያ የተከፈለ ነው። ይህን ፈተና የሚያደርግ ሰው ጥቂት ነው፤ የሚሠራ መኪና ላይ ደህናውን ነቅሎ የተጣለውን መግጠም ሞኝነት ይመስላልና። «ልምዱ ይመሰክራል» የሚባልለት የዕቃ ቅያሪ ዕውቀት በአመዛኙ ይህ ፈተና ያልተደረገበት ልምድ ነው፤ የአንዳንድ ዕቃዎች ክፉ ስምም ከዚያው የመጣ ነው ብዬ እገምታለሁ።

ከዚህ አንድ እርምጃ የሚያልፍ ሌላ መልስ አለ፤ ሽቦውን በሙሉ አውጥቶ አዲስ መዘርጋት። መከለያው ለተቃጠለ ወይም ደርቆ ለሚፈረፈር ሽቦ ይህ ብቸኛው ትክክለኛ መልስ ነው፣ ክርክር የለበትም። ለሌላው ግን ፍለጋን በግዢ መተካት ነው፤ አዲሱ ሽቦ መጨረሻው ላይ የሚታሰረው በዚያው በዛገው ቦዲ ላይ ነው። አሮጌውን ሽቦ ለመከተል የሚረዳ አንድ ጥሩ ነገር አለ፤ የእንግሊዝ የሽቦ ቀለም ደንብ። ቡናማ ከባትሪ በቀጥታ የሚመጣ፣ ነጭ ቁልፍ ሲዞር ኃይል የሚያገኝ፣ አረንጓዴ ያንኑ በፊውዝ አልፎ የሚወስድ፣ ሐምራዊ ሁልጊዜ ኃይል ያለው ግን በፊውዝ የተጠበቀ፣ ሰማያዊ የፊት መብራት፣ ቀይ የማታ መብራት፣ ጥቁር መመለሻ። ቋንቋው ግሩም ነው፤ አንዴ የለመደው ሰው ከዳሽቦርዱ ሥር ያለውን የሽቦ ጫካ እንደ ጽሑፍ ያነበዋል። ነገር ግን ቀለሙ የሚናገረው አቢንግደን ያሰበውን ነው። ከዚያ ወዲህ የመጣ ባለቤት በእጁ የተገኘውን ቀይ ሽቦ ለሬዲዮ ኃይል ማምጫ ተጠቅሞበት ሊሆን ይችላል። እስከ 1967 ድረስ የወጡት ኤምጂቢዎች ከቦዲው ጋር የሚያስሩት የባትሪውን ፖዘቲቭ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ኔጌቲቩ ሆነ። አሮጌዋን መኪና ወደ አዲሱ አሠራር የገለበጠ ሰው ሥራውን በወረቀት ካላሰፈረ የመኪናዋ መመሪያ መጽሐፍ አንድ ነገር ይላል፣ ብረቱ ሌላ። የክር አምፖል ከየትኛውም ወገን ቢመጣለት ግድ የለውም፤ ትራንዚስተር ያለው ሬዲዮ ግን በዚያች ቅጽበት ይሞታል። ሰነዱን ማንበብ ግዴታ ነው፣ ማመን ግን ልኬቱን ካዩ በኋላ ነው።

ይህ ሁሉ የአሮጌ መኪና ጉዳይ ነው፣ የዛሬ መኪና ብልሽቷን በራሷ ትናገራለች የሚል ካለ መልሱ አጭር ነው። በኮምፒውተር የሚነበበው የስህተት ቁጥር የሚናገረው መኪናዋ ጉድለቱን ያስተዋለችበትን ቦታ ነው። መመለሻው የላላ ሴንሰር የተሳሳተ ቮልት ሲልክ ቁጥሩ የሚከሰው ሴንሰሩን ነው፤ ሰውም ሴንሰር ይገዛል። ከ1970 ወዲህ የታየበትና ያለበት ቦታ አልተቀራረቡም፤ የታየበትን የሚጠቁመው ጣት ብቻ ፈጠነ።

እንግዲህ ብልሽት ተገኘ የሚባለው መቼ ነው? መኪናዋ ስለሠራች ብቻ አይደለም፤ ሳይታወቅ የተፋቀች መጋጠሚያም ታሠራለችና። የምቀበለው መስፈርት ብልሽቱን እንደፈቀዱ መጥራትና ማሰናበት መቻል ነው። የግራው ብሎን ሲላላ የማታ መብራቱ ይደበዝዛል፣ የፊተኛው ፍሬቻም ይፈዝዛል፤ ሲጠብቅ ሁለቱም ይስተካከላሉ፤ እንደገና ሲላላ እንደገና። ያን ጊዜ ምክንያት የሚለውን ቃል መጠቀም መብት ይሆናል። በዚህ ላይ የሚነሣው የመጨረሻ ተቃውሞ ትክክለኛ ነው፤ ሲፈልግ መጥቶ ሲፈልግ የሚሄድ ብልሽት አለ፣ በጉድጓድ ላይ ሲነጥር ብቻ፣ ሞተሩ ሲግል ብቻ፣ ጭጋግ ሲሆን ብቻ የሚመጣ። እንዲህ ያለውን መጥራት የሚቻለው ሁኔታውን በእጅ በመፍጠር ነው፤ መብራቱ በርቶ ሳለ ሽቦውን ጥቅል በጥቅል ማነቃነቅ፣ የተጠረጠረውን ቦታ በጸጉር ማድረቂያ ማሞቅ፣ በመርጫ ውሃ ማርጠብ። አንዳንዱ በዚህም አይመጣም። ጋራዡ መኪናዋን ማስረከብ አለበት፣ ባለቤቱም ምክንያቱን መስማት ይፈልጋል፣ «ሉካስ ነው» ማለትም ለሁለቱም እፎይታ ነው። የጥገና ደብተሩ ላይ መስፈር ያለበት ግን ሌላ ነው፦ የግራ የኋላ መብራት መመለሻ ተጠረገ፣ በሥራ ላይ ሲለካ ከ0.4 ወደ 0.05 ቮልት ወረደ፣ ብልሽቱን ለመመለስ ተሞክሮ አልተመለሰም፣ ስለዚህ ምክንያቱ አልተረጋገጠም።